ሳትየንድራ ናት ቦዝ፤ ብርሃንን በአዲስ ስሌት የቆጠረው መምህር

የፊዚክስ መጽሐፍ የገለጠ ተማሪ ሁሉ በዓለም ያሉት ጥቃቅን ነገሮች በሁለት ወገን እንደሚከፈሉ ያነባል። አንደኛው ወገን ፌርሚዮን፤ ሁለተኛው ወገን ቦዞን ይባላል። ፌርሚዮን የሚለው ስም የኢጣሊያዊው ሊቅ የኤንሪኮ ፌርሚ መታሰቢያ እንደ ሆነ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ቦዞን የሚለውን ግን ለፈተና አጥንተን፤ በፈተና ጽፈን፤ የማን ስም እንደ ሆነ ሳንጠይቅ እናልፈዋለን። ስሙ የተወሰደው ከአንድ የቤንጋል ሰው ነው። ይህ ሰው የዶክተርነት ማዕረግ አልነበረውም። ታላቁን ሥራውን የሠራው በለንደን ወይም በበርሊን ሳይሆን፤ ከተከፈተ ሦስት ዓመት ባልሞላው በአንድ የሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፤ ለተማሪዎቹ ትምህርት እያዘጋጀ ሳለ ነው። ስለዚህ ታሪኩ ከሌላው ሊቅ ታሪክ ይልቅ ለእኛ ለተማሪዎች የቀረበ መስሎ ስለ ታየን በዚህ እትም ልናቀርበው ወደድን። በጽሑፉ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳትየንድራ ናት ቦዝ ጥር 1 ቀን 1894 በካልካታ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሱሬንድራናት የምድር ባቡር ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። ከሰባት ልጆች መካከል የበኵር ልጅ እርሱ ሲሆን፤ የቀሩት ስድስቱ ሁሉ ሴቶች ነበሩ። አገሩ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋም እንግሊዝኛ ነበረ። በሂንዱ ትምህርት ቤት ሳለ የሒሳብ መምህሩ ከመቶ አንድ መቶ ዐሥር እንደ ሰጠው ይተረካል፤ ምክንያቱም አንዳንዶቹን ጥያቄዎች ከአንድ በሚበልጥ መንገድ ፈትቶ ስለ ተገኘ ነው።

በ1909 ወደ ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ገባ። ከመምህራኑ መካከል በሬዲዮ ሞገድና በዕፅዋት ምርምር የታወቀው ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦዝ፤ የኬሚስትሪውም ሊቅ ፕራፉላ ቻንድራ ሬይ ይገኙ ነበር። ከክፍል ጓደኞቹ አንዱ ከድኻ ቤተሰብ የመጣው ሜግናድ ሳሃ ነው። በ1915 የማስተርስ ፈተና ቦዝ አንደኛ፤ ሳሃ ሁለተኛ ወጡ። ይህ ሳሃ በ1920 ባወጣው ስሌት፤ በጋለ ጋዝ ውስጥ አቶሞች በሙቀት ምክንያት ኤሌክትሮናቸውን እንዴት እንደሚያጡ አስረዳ፤ በዚህም ከከዋክብት ብርሃን የሙቀታቸውን መጠን ለማንበብ መንገድ ከፈተ። ከአንድ ክፍል ወጥተው አንዱ ሰማይን ለማንበብ ቁልፍ ሰጠ፤ ሌላው ደግሞ ብርሃን ራሱ እንዴት እንደሚቆጠር አሳየ።

ሁለቱ ጓደኛሞች በ1916 በካልካታ ዩኒቨርሲቲ አዲስ በተቋቋመው የሳይንስ ኮሌጅ ውስጥ ሥራ ጀመሩ። ችግሩ መጽሐፍ ነበር። በአውሮፓ ጦርነት ይካሄዳል፤ አዲሱም ፊዚክስ የሚጻፈው በአብዛኛው በጀርመንኛ ነው። እነርሱ ግን የሚተረጕምልን ሰው እስኪመጣ እንቀመጥ አላሉም። ጀርመንኛውን ተማሩ፤ መጽሐፉን ከሰው እየተዋሱ አነበቡ፤ ቀጥሎም የአይንስታይንንና የሚንኮቭስኪን የሬላቲቪቲ ጽሑፎች ወደ እንግሊዝኛ መለሱ። ትርጕማቸው በ1920 በካልካታ ዩኒቨርሲቲ ታተመ። እነዚህን ጽሑፎች ወደ እንግሊዝኛ ከመለሱት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች ውስጥ እነዚህ ሁለት የሃያ ስድስት ዓመት ወጣቶች መሆናቸው ሊታወስ ይገባል።

በ1921 በምሥራቅ ቤንጋል የዳካ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ቦዝ በዚያ የፊዚክስ መምህር ሆኖ ሄደ። እዚህ ላይ የሕይወቱ ዋና ጉዳይ ስለሚጀምር ጥቂት ቆም ብለን ነገሩን እናብራራው።

ብረት በእሳት ሲግል መጀመሪያ ይቀላል፤ ቀጥሎ ይነጣል። የጋለ ነገር በየትኛው ቀለም ምን ያህል ብርሃን እንደሚሰጥ የሚናገረውን ሕግ ጀርመናዊው ማክስ ፕላንክ በ1900 አገኘው። ሕጉ ከላብራቶሪ ልክ ጋር ፍጹም ይስማማል። ነገር ግን ሕጉ የተገኘበት መንገድ ሁለት የማይስማሙ ነገሮችን በአንድነት ያቀፈ ነበር። ከስሌቱ አንዱ ክፍል ብርሃንን እንደ ጥንቱ ትምህርት እንደ ሞገድ ይቈጥረዋል፤ ሌላው ክፍል ደግሞ ኃይል በተወሰነ መጠን እየተቈረጠ የሚሰጥ ነው ይላል። ውጤቱ ትክክል ስለ ሆነ አብዛኛው መምህር ይህን ስፌት ሳይነካ ያልፈው ነበር። ቦዝ ግን ራሱ ያላመነበትን ነገር ለተማሪ ማስተማር ከበደው። ስለዚህ ከሞገድ ትምህርት አንዳች ሳይበደር፤ ብርሃንን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ ቅንጣቶች ስብስብ ብቻ ቈጥሮ ያንኑ ሕግ ለማግኘት ተነሣ፤ አገኘውም።

የሥራው ምሥጢር በአቈጣጠሩ ላይ ነው። ሁለት የገበጣ ጠጠሮችና ሁለት ጕድጓዶች አሉን እንበል። አንዱን ጠጠር በጥላሸት አጥቍረን፤ ሌላውን ነጭ ትተን፤ ሳናይ ብንጥላቸው አራት ዓይነት አወዳደቅ ይገኛል። ሁለቱም በቀኝ ይወድቃሉ፤ ወይም ሁለቱም በግራ፤ ወይም ጥቍሩ በቀኝ ነጩ በግራ፤ ወይም ነጩ በቀኝ ጥቍሩ በግራ። ከአራቱ በሁለቱ ጠጠሮቹ አንድ ጕድጓድ ስለሚገናኙ፤ የመገናኘታቸው ዕድል እኩሌታ ነው። አሁን ግን ጠጠሮቹ ፈጽሞ የማይለዩ፤ ጥላሸት እንኳ የማይቀበሉ ይሁኑ። ያን ጊዜ ሦስተኛውና አራተኛው አወዳደቅ አንድ ይሆናሉ፤ ምክንያቱም ይህኛው እዚህ ነው፤ ያኛው እዚያ ነው ማለት ትርጕም አይኖረውም። ሦስት አወዳደቅ ብቻ ይቀራል፤ የመገናኘታቸውም ዕድል ከሦስት ሁለት ይሆናል። በቤታችን ያለው ጠጠር እንዲህ አያደርግም፤ ምንም ያህል ቢመሳሰል ምልክት ሊደረግበት ይችላልና። የብርሃን ቅንጣቶች ግን ልክ እንዲህ ናቸው። አንዱን ከሌላው መለየት ለእኛ አስቸጋሪ ስለ ሆነ አይደለም፤ በተፈጥሮአቸው ልዩነት ስለሌላቸው ነው። ስለዚህ ከተለመደው ግምት ይልቅ አብረው የመገኘት ዝንባሌ አላቸው።

ቦዝ በ1924 ይህን በአጭር ጽሑፍ አዘጋጅቶ ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ፊሎሶፊካል ማጋዚን ላከ። በዚያ አልታተመለትም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቈርጥ ነበር። እርሱ ግን ሰኔ 4 ቀን 1924 ጽሑፉን በአንድ ደብዳቤ አሽጎ በቀጥታ ለአይንስታይን ወደ በርሊን ሰደደው። ሥራው ሊታተም የሚገባ መስሎ ከታያቸው በጀርመንኛ መጽሔት እንዲያወጡለት ለመነ፤ የሬላቲቪቲን ጽሑፎች ለመተርጐም ፈቃድ የጠየቀውም እርሱ መሆኑን አስታወሰ። በዓለም የታወቀ ሊቅ ከማያውቀው ሰው የመጣ ደብዳቤ ሳያነብ ቢጥለው ማን ይፈርድበታል? አይንስታይን ግን አነበበው። አንብቦም በገዛ እጁ ወደ ጀርመንኛ ተረጐመው፤ ሥራው ትልቅ እርምጃ መሆኑን የሚመሰክር ማስታወሻ ጨምሮ በዚያው ዓመት ለኅትመት አበቃው። ለቦዝም የምስጋና ፖስት ካርድ ጻፈለት።

ያች ካርድ የሠራችው ሥራ የሚያስደንቅ ነው። ዩኒቨርሲቲው ካርዷን ባየ ጊዜ ለቦዝ የሁለት ዓመት የአውሮፓ ጉዞ ፈቀደለት፤ የጀርመን ቆንስላም ያለ ክፍያ ቪዛ ሰጠው። በጥቅምት 1924 ፓሪስ ደረሰ። በዚያ ማዳም ኩሪን ለማየት በሄደ ጊዜ፤ ወይዘሮዋ በላብራቶሪያቸው ከመሥራቱ በፊት ፈረንሳይኛ እንዲማር በእንግሊዝኛ ሰፋ አድርገው መከሩት። ቦዝ ቋንቋውን ከብዙ ዓመት ጀምሮ ያጠና ሰው ነበር፤ ንግግራቸውን አቋርጦ ይህን ለመናገር ግን አፈረ፤ ዝም ብሎ ሰምቶ ወጣ። በኋላ በሞሪስ ደ ብሮይ ላብራቶሪ የኤክስሬይ ሥራ ተማረ፤ በ1925 ወደ በርሊን ሄዶ ከአይንስታይን ጋር ተገናኘ። ሁለቱ በሁሉ ነገር አልተስማሙም። ቦዝ የላከውን ሁለተኛ ጽሑፍ አይንስታይን ቢያሳትመውም፤ ብርሃንና አቶም በሚገናኙበት ጕዳይ ላይ የቀረበውን ሐሳብ ግን አልተቀበለውም። በ1926 ቦዝ ወደ ዳካ ተመለሰ። የዶክተርነት ማዕረግ ስለሌለው ፕሮፌሰር መሆኑ የሚያከራክር ነበር፤ የአይንስታይን ድጋፍ ረድቶት ሹመቱን አገኘ።

የቦዝ አቈጣጠር ግን ከዳካም ከበርሊንም ርቆ ሄደ። አይንስታይን ጽሑፉን እንደ ተረጐመ ወዲያው አንድ ጥያቄ አነሣ፤ የብርሃን ቅንጣት እንዲህ የሚቈጠር ከሆነ የጋዝ አቶምስ ለምን እንዲህ አይቈጠርም? በ1924ና በ1925 ባወጣቸው ጽሑፎች፤ እንዲህ ዓይነት ጋዝ እጅግ ሲቀዘቅዝ ብዙዎቹ አቶሞች ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ የኃይል ደረጃ ወርደው በአንድነት እንደሚሰበሰቡ ተነበየ። በዚህ ሁኔታ አቶሞቹ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው የሚሄዱ መሆናቸው ይቀርና፤ ሁሉም በአንድ ሞገድ የሚተዳደሩ አንድ አካል ይመስላሉ። ይህ የቦዝና የአይንስታይን ኮንደንሴት ይባላል።

ብዙ ሰዎች ይህን ለጊዜው የወረቀት ላይ ተረት አድርገው ነበር። በ1938 ግን ሂሊየም ከፍጹም ዜሮ በላይ ወደ 2.2 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ያለ አንዳች ሰበቃ በቀጭን ቀዳዳ እንደሚፈስ ተገለጸ፤ በዚያው ዓመት ፍሪትዝ ለንደን ነገሩን ከዚህ ትንቢት ጋር አያያዘው። ንጹሑ ማስረጃ የተገኘው ከትንቢቱ ሰባ ዓመት በኋላ፤ በ1995፤ በአሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ነው። ኤሪክ ኮርኔልና ካርል ዊማን የሩቢዲየም አቶሞችን በሌዘርና በማግኔት እያቀዘቀዙ፤ አንዱ ዲግሪ በቢሊዮን ተከፍሎ 170 እጅ ያህል ብቻ እስኪቀር ድረስ አወረዷቸው፤ አቶሞቹም እንደ ተተነበየው ተሰበሰቡ። ቮልፍጋንግ ኬተርሌ በዚያው ዓመት በሶዲየም ሠራው። ሦስቱ በ2001 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ ኳንተም ቁስን የሚመረምሩ ላብራቶሪዎች ይህን ዓይነት ጋዝ በየዕለቱ ይሠሩበታል።

ወደ ሰማይም ብንመለከት የቦዝ ስሌት በዚያ ይጠብቀናል። በ1965 አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን ከሰማይ አቅጣጫ ሁሉ የሚመጣ ደካማ የሬዲዮ ጨረር ማግኘታቸውን አስታወቁ። ኮቤ የተባለችው ሳተላይት በ1989 ተልካ ይህን ጨረር በለካች ጊዜ፤ ቦዝ በዳካ ያረጋገጠውን የፕላንክን ሕግ እጅግ በሚያስገርም ትክክለኛነት ተከትሎ ተገኘ፤ ሙቀቱም ከፍጹም ዜሮ በላይ 2.7 ዲግሪ ነው። ጋላክሲዎች ከመፈጠራቸው በፊት የተለቀቀው ይህ ጥንታዊ ብርሃን፤ ቅንጣቶቹ የሚቈጠሩት በቦዝ አቈጣጠር ነው።

ሌላም ያልተፈታ ነገር አለ። በ1970 ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ አንድሮሜዳ የተባለውን ጋላክሲ መርምረው፤ ከመካከሉ የራቀው ክፍል እንደሚጠበቀው ፍጥነቱ ሳይቀንስ እንደሚዞር አስታወቁ። በሌሎችም ብዙ ጋላክሲዎች እንዲሁ ሆኖ ተገኘ። የሚታዩት ከዋክብት ክብደት ብቻ ይህን ሁሉ ጠብቆ ሊይዝ ስለማይችል፤ የማይታይ ቁስ እንዳለ ይታመናል። የእኛም ፍኖተ ሐሊብ በዚህ የማይታይ ቁስ የተከበበች ናት። ይህ ቁስ ምን እንደ ሆነ ገና አልተረጋገጠም። አንዳንድ ተመራማሪዎች ግን ከኤሌክትሮን ጋር ሊወዳደር በማይችል መጠን የቀለለ ቦዞን ሊሆን ይችላል ይላሉ። እንደዚያ ከሆነ ሞገዱ በሺህ የሚቈጠር የብርሃን ዓመት ርዝመት ስለሚኖረው፤ በየጋላክሲው መካከል አንድ ግዙፍ ኮንደንሴት ይቀመጣል ማለት ነው። በ2014 በኮምፒዩተር የተሠራ ስሌት የዚህን መልክ አሳይቷል፤ የሰማይ ምልከታዎች ደግሞ ሐሳቡን እየፈተኑት ነው። እውነት ይሁንም አይሁን፤ በአንድ ላብራቶሪ ጠርሙስ ውስጥ ያለውን ቀዝቃዛ ጋዝና ጋላክሲን በአንድ ሒሳብ ማየት መቻሉ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሰውየው እንመለስ። ቦዝ እስከ 1945 በዳካ አስተማረ፤ ለክሪስታል ምርመራ የሚሆነውን የኤክስሬይ መሣሪያ ራሱ ነድፎ አሠራ። ከዚያም ወደ ካልካታ ዩኒቨርሲቲ ተመልሶ እስከ 1956 በፕሮፌሰርነት አገለገለ። ኤስራጅ የተባለውን፤ እንደ መሲንቆ በደጋን የሚመታ የአገሩን መሣሪያ መጫወት ይወድ ነበር። በ1945 ፖል ዲራክ የዚህን ወገን ቅንጣቶች ቦዞን ብሎ ሰየማቸው። በ1958 የለንደን ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። ለኖቤል ሽልማት ስሙ ቢቀርብም አልተሰጠውም። ከ1924 በኋላም የዚያን የሚያህል ሥራ አላወጣም። በዚህ ምክንያት ቦዝ ዕድሜውን በማስተማርና በትንንሽ ጕዳዮች አባከነ የሚሉ ሰዎች አሉ። እኛ ግን ከዚህ ፍርድ ጋር አንስማማም፤ ያባከነው የተባለውን ጊዜ በምን ላይ እንዳዋለው ማየት ያስፈልጋልና።

ቦዝ ሳይንስ በቤንጋሊኛ መነገርና መጻፍ እንዳለበት ያምን ነበር። ባለ ቅኔው ራቢንድራናት ታጎር ስለ አቶምና ስለ ከዋክብት፤ ስለ ፀሐይና ስለ ምድር ለሕዝብ የሚሆን መጽሐፍ በቤንጋሊኛ ጽፎ በ1937 ባሳተመ ጊዜ፤ መታሰቢያነቱን ለቦዝ ሰጠ። በ1948 ቦዝ ከጓደኞቹ ጋር በካልካታ የቤንጋል ሳይንስ ማኅበርን አቋቋመ፤ ማኅበሩም ዕውቀትና ሳይንስ የሚል ትርጕም ያለው ስም የተሰጠውን መጽሔት ማውጣት ጀመረ። የሚቃወሙት ሰዎች ቋንቋችን ለሳይንስ የሚበቃ ቃል የለውም ይሉት ነበር። እርሱ ግን ጕድለቱን በቋንቋው ላይ አላየም፤ ቋንቋውን ወይም ሳይንሱን ጠንቅቆ ባላወቀው ሰው ላይ ነው እንጂ። ቃል የሌለው ነገር ቢያጋጥም የውጭውን ቃል ተውሶ ማስተማር ይቻላል፤ ቃሉ እስኪገኝ ትምህርቱን ማቆየት ግን ተማሪውን መበደል ነው የሚል አቋም ነበረው። በ1963 ደግሞ የመጽሔቱ አንድ እትም አዲስ የምርምር ጽሑፎች ብቻ የያዘ ሆኖ በቤንጋሊኛ ወጣ፤ ቋንቋው ለልጆች ማስተማሪያ ብቻ ሳይሆን ለሊቃውንትም እንደሚበቃ ለማሳየት ነው።

የቋንቋ ጕዳይ በዚያ አገር የቀለም ክርክር ብቻ አልነበረም። ሕንድ በ1947 ስትከፈል ዳካ የፓኪስታን ክፍል ሆነች፤ መንግሥቱም ኡርዱ ብቻ የመንግሥት ቋንቋ እንዲሆን ፈለገ። የካቲት 21 ቀን 1952 የዳካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቤንጋሊኛም እንዲከበር ሰልፍ በወጡ ጊዜ ፖሊስ ተኩሶ የሞቱ አሉ። ቦዝ በዚያን ጊዜ በካልካታ ነበር፤ ነገር ግን ደም የፈሰሰው ሃያ አራት ዓመት ያህል ባስተማረበት ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ነው። በ1999 ዩኔስኮ ያን ቀን የዓለም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን አድርጎ ወስኗል። ዳካ ራሷ በ1971 የባንግላዴሽ ዋና ከተማ ሆናለች።

ሳትየንድራ ናት ቦዝ የካቲት 4 ቀን 1974፤ ሰማንያ ዓመት ከሞላው ከአንድ ወር በኋላ፤ በካልካታ ዐረፈ።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ምን እንወስዳለን? አይንስታይን ደብዳቤውን ባያነብ ኖሮ ቦዝን ማን ያውቀው ነበር የሚል ሰው ይኖራል፤ እውነት አለው። ዕድል ሥራ ሠርታለች። ነገር ግን ደብዳቤው በዕድል አልተጻፈም። ከዚያ በፊት ጀርመንኛውን በራሱ ጊዜ የተማረ፤ ሌሎች የዘለሉትን የስሌት መስመር አልዘልም ያለ፤ ተማሪው ፊት ያላመነበትን ማስተማር የከበደው ሰው ነበር። ጽሑፉ ሳይታተም ሲቀር ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ሩቅ አገር መሆኑም፤ ዶክተር አለመሆኑም፤ የዩኒቨርሲቲው አዲስነትም አልያዙትም።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ይመለከተናል። እኛ ሳይንስን በእንግሊዝኛ እንማራለን፤ ከክፍል ስንወጣ በአማርኛ ወይም በሌላው የአገራችን ቋንቋ እንነጋገራለን። በክፍል የሰማነውን ለእናታችን ወይም ለታናሽ ወንድማችን ማስረዳት ሲያቅተን ቋንቋው ደካማ ነው እንላለን። ብዙውን ጊዜ ግን ነገሩን በደንብ አልገባንም ማለት ነው። ቦዝ እንግሊዝኛን አልናቀም፤ በእንግሊዝኛ ጽፏል፤ ከጀርመንኛም ተርጕሟል። ያለው ነገር ዕውቀት ከውጭ ቋንቋ ከገባ በኋላ በቤት ቋንቋ ይውጣ ነው። ስለዚህ በሚመጣው ሳምንት በፊዚክስ ክፍል የሚሰጠንን አንድ ትምህርት፤ አንድ ብቻ፤ በቋንቋችን ጽፈን ለዚህ መጽሔት እንላክ። ቃል ባጣንበት እንዋስ፤ ያልገባን መስመር ሲያጋጥመን ግን አንዝለል።